ከጉና እስከ ጣና፦ የፎገራ ሜዳ የመሬትና የውኃ ታሪክ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ በቅድሚያ የሚቆጠረው የተሰበሰበው ኩንታል፣ የቀረበው ማዳበሪያና ለአባላት የተከፋፈለው ትርፍ ነው። ይህ መቆጠሩ ተገቢ ነው። ከኩንታሉ ሥር ያለው የመሬትና የውኃ ታሪክ ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ይህን ታሪክ ትቶ ስለ ምርት መናገር አይቻልም። በሜዳው ሩዙን የሚያበቅለው ውኃ ነው፤ ከመጠን ሲያልፍ ሩዙን የሚወስደውም ያው ውኃ ነው።

በወረታ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዱ የሆነውን ቁሐር ሚካኤልን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በክረምት ወደዚህ አካባቢ የሚዘልቅ ሰው የሚያየው አረንጓዴ የሩዝ ማሳ ነው። ማሳውን የሚያርሰው የቀበሌው ገበሬ ይሁን እንጂ አፈሩና ውኃው የመጡት ከሩቅ ነው። በፋርጣ ዳገት ላይ የታረሰ መሬት፣ በጉና ተራራ ላይ የተመነጠረ ቁጥቋጦ፣ በደጋው የተሠራ ወይም የፈረሰ እርከን ሁሉ ውጤቱ በመጨረሻ የሚታየው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ስለ መሬት የወጡት አዋጆች ብዙ ናቸው። አፈጻጸማቸው ግን በአብዛኛው በቀበሌና በወረዳ ወሰን የተከፋፈለ ነበር። ውኃው የሚያውቀው ወሰን ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ተፋሰስ ነው።

ሜዳውን ያበጀው ውኃ

የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የጣና ሐይቅ ደግሞ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት የርብና የጉማራ ወንዞች ይወርዱታል። ሁለቱም ከጉና አካባቢ ተነሥተው ፎገራን ከሁለት በኩል ያቅፉታል። ርብ ከሊቦ ከምከም ጋር፣ ጉማራ ከደራ ጋር ያዋስኑታል። ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር ሆነው ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ አብዛኛውን የሚያስገቡትም እነዚሁ ናቸው።

ወንዝ በቁልቁለት ላይ ፈጣን ነው፤ አፈርና ጠጠር ይሸከማል። ሜዳ ላይ ሲደርስ ዝግ ይልና የተሸከመውን ያራግፋል። የፎገራ ጥቁር አፈር በዘመናት ብዛት የተጠራቀመው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ሜዳው ለደጋው ባለዕዳ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሚወርደው ደለል ከመጠን ሲያልፍ የወንዙን ወለል ይሞላዋል። ወለሉ የተሞላ ወንዝ ደግሞ ክረምት ሲበረታ ውኃውን መያዝ ተስኖት ከዳርቻው ወጥቶ ማሳና መንደር ውስጥ ይገባል።

ተፈጥሮ ለዚህም መላ አበጅታለት ነበር። በሜዳው ላይ የሚገኙት የሸሸርና የወለላ ረግረጎች የክረምቱን ትርፍ ውኃ ተቀብለው ያሳድራሉ፤ ደለሉን ያጣራሉ፤ በበጋ ደግሞ ለከብት ሣርና ውኃ ይሰጣሉ። ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች፣ ከእነርሱም መካከል ሽመላና ቁራ መሰል ሳይሆኑ በቁመታቸው የሚታወቁት የክሬን ዝርያዎች የሚያርፉባቸው በመሆናቸው በአእዋፍ አጥኚዎች ዘንድም ስማቸው የታወቀ ነው።

ከአዋጅ በፊት የነበረ ሥርዓት

የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ የሚለው ቃል ወደ መንግሥት ሰነድ ከመግባቱ በፊትም የአካባቢው ሕዝብ መሬቱን ለይቶ የሚጠቀምበት ልማድ ነበረው። በርስት ሥርዓት ዘመን ውኃ የሚተኛበት የሜዳው ክፍል በአብዛኛው የወል ግጦሽ ነበር። በዚህ ግጦሽ ላይ ነው በወተቱና በሥራ በሬነቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ዝርያ የኖረው። ዝርያውን ለማሻሻልና ለመጠበቅ በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሥራ ሲካሄድ የቆየውም ለዚህ ነው። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር።

በደጋውም ቢሆን ያልተጻፈ ሕግ ነበር። የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው የከለሉት ደን ዛሬም ድረስ በተራቆተው መሬት መካከል እንደ ደሴት ይታያል። የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የምርምር ሥራ እነዚህን ደኖች በዓለም ደረጃ አሳውቋቸዋል። የመስኖ ውኃ በሚከፋፈልበት አካባቢ ደግሞ ተራ የሚያስጠብቀውና ጠብ የሚዳኘው የውኃ አባት ነበር።

ይሁን እንጂ ልማዱ ሁሉ ጥሩ ነበር ማለት አይደለም። ገበሬው ከማሳው ትርፍ ውኃ ለማስወጣት የሚቀደው ፈሰስ የእርሱን ሰብል ሲያድን የጎረቤቱን መሬት ይቦረቡረዋል። ፈሰሱ በጊዜ ብዛት ቦረቦር ይሆናል፤ ቦረቦሩ ገደል ይሆናል። የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድም እርሻው ወደ ዳገቱ ወጣ፤ የደጋው ገብስና ድንች የጓሣውንና የአስታውን ቦታ እየያዘ ሄደ። ልማዱ ሊቆጣጠረው የቻለው በጎረቤት መካከል ያለውን ነገር ብቻ ነበር። በጉና ገበሬና በፎገራ ገበሬ መካከል ያለውን ነገር የሚዳኝ የውኃ አባት አልነበረም።

ከመሬት ላራሹ እስከ እርከን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። የገበሬ ማኅበራት በ800 ሄክታር ስፋት እየተከለሉ ተደራጁ። አዋጁ የጭሰኝነትን ቀንበር በመስበር በአገሪቱ ታሪክ ታላቅ ቦታ አለው። ከተፋሰስ አንፃር ሲታይ ግን የመሬቱ አስተዳደር በማኅበር ወሰን ተሸነሸነ። አንድ ወንዝ በብዙ ማኅበራት ውስጥ ሲያልፍ የወንዙ ባለቤት ማን እንደሆነ አልተወሰነም።

የ1966ቱና የ1977ቱ ድርቅ የመሬት መራቆትን ጉዳይ የመንግሥት አጀንዳ አደረጉት። በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ እርከን ሠራ፤ ዛፍ ተከለ፤ ዳገት ተከለለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀው የደጋማ አካባቢዎች ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ነበር። ሥራው ግን ከላይ በትእዛዝ የወረደ ነበር። ገበሬው በመሬቱ ላይ የዘለቄታ ዋስትና አልነበረውም፤ ከተከለለው ዳገት ሣር እንኳ ለማጨድ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ ዛፉ ተቆረጠ። ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ትምህርት ነው። የእኔ ነው ያላለውን ሥራ ሕዝብ አይጠብቀውም።

ሩዝ ሜዳውን ሲለውጥ

በዚያው ዘመን በሜዳው ላይ ሌላ ለውጥ ተጀመረ። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝን በደራ የጅግና፣ በፎገራ ደግሞ የሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ አስተዋወቁ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ማኅበር ነው። የአምራቾች ማኅበራቱ ሲበተኑ ሩዙ አብሮ አልጠፋም። በ1980ዎቹ በግብርና ቢሮና በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ድጋፍ ከገበሬ ወደ ገበሬ ተዛመተ። ውኃ ስለሚተኛበት ለጤፍም ለዳጉሳም የማይመች የነበረው መሬት ድንገት ዋጋ አወጣ። ጤፍ ከሩዝ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፤ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተተከሉ። ኋላም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በፎገራ ተቋቋመ። ቁሐር ሚካኤልን የመሰሉ ቀበሌዎች በረሃብ ወቅት ተረጂ ከመሆን ተላቅቀው ለገበያ አምራች የሆኑት በዚህ ሰብል ነው።

የዚህ ስኬት ሌላው ገጽ ግን በግልጽ ሊነገር ይገባል። ሩዝ የገባበት መሬት አብዛኛው ቀድሞ የወል ግጦሽና የረግረግ ዳርቻ ነበር። ግጦሹ ሲጠብ የፎገራ ከብት መዋያ አጣ። ሸሸርና ወለላም በየዓመቱ እየጠበቡ ሄዱ። በበጋ ለሽንኩርትና ለሌላ አትክልት ውኃው በሞተር ተሳበ፤ ዳርቻው ታረሰ፤ ቦይ ተቀዶ ውኃው እንዲወርድ ተደረገ። የሐይቁ ዳርቻም ከዚህ አላመለጠም። በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር አጠገብ የተሠራው የጨራጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ሥራ ከጀመረ በኋላ የጣና ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በኃይል ማመንጫው ፍላጎትም የሚወሰን ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ሲቀንስ ባሕር ሸሽ የሚባለው መሬት ሰፋ፤ ገበሬውም ተከትሎ አረሰው።

ስለዚህ ጎርፍን ያመጣው የደጋው ሰው ብቻ ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። በተረቱ ጅቡ ከወንዙ በላይ ቆሞ ከታች ያለችውን አህያ ውኃውን አደፈረስሽብኝ ብሎ እንደከሰሳት ይነገራል። በፎገራ ሁኔታ ውኃውን ያደፈረሰው በእርግጥ ከላይ ያለው ነው። ውኃው የሚያርፍበትን ቦታ ያሳጣው ግን ከታች ያለው ነው።

የ1998ቱ ጎርፍ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አገሪቱ በጎርፍ ተመታች። በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ በሌሊት ጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ በነሐሴ የኦሞ ወንዝ ብዙ ሕይወት ቀጠፈ። በዚያው ወቅት ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ወጡ። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ መንደሮች በውኃ ተከበቡ፤ ሕዝቡ ከቤቱ ተፈናቅሎ በመጠለያ ከረመ፤ ሰብል በማሳ ላይ እንዳለ ጠፋ፤ ከብት ሞተ። ጎርፍ ለፎገራ አዲስ ነገር አልነበረም። የዚያን ዓመቱ ግን የተጠራቀመ ዕዳ አንድ ላይ የተጠየቀበት ነበር። የደጋው መራቆት፣ የወንዞቹ መሞላት፣ የረግረጎቹ መጥበብና ቤት የማይሠራበት ቦታ ላይ ቤት መሥራት ሁሉም በአንድ ክረምት ተገናኙ።

ከዚያ በኋላ በወንዞቹ ዳር የአፈር ክትር ተሠራ፤ የተሞላው ወለል በየቦታው ተጠረገ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ግንባታው የተጀመረውና አሥር ዓመት ያህል የፈጀው የርብ ግድብም 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሰፊ መሬት እንዲያለማና የጎርፉን ጉልበት እንዲያበርድ ታስቦ የተሠራ ነው። ይሁንና ክትር ጎርፉን ከአንዱ መንደር ቢመልሰው ወደ ታችኛው መንደር ሊገፋው ይችላል። ግድብም የሚኖረው ከላይ የሚመጣው ደለል እስካልሞላው ድረስ ነው። የኢንጂነሩ ሥራ ያለ ገበሬው እርከን ዕድሜው አጭር መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ሕጉና ደብተሩ

የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46/1992ን አውጥቶ ለዚሁ ሥራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለአርሶ አደሩ ሲሰጥ ቆየ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ መስፈሩ ለሴቶች መብት ትልቅ እርምጃ ነበር። ለተፋሰስ ሥራም ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። መሬቱ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ዛሬ ድንጋይ አይክብም፤ ደብተር የያዘ ሰው ግን ለልጁ ብሎ ዛፍ ይተክላል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ ጉዳዩን በቀጥታ ነካው። አዋጁ የአፈሩን ዓይነት፣ የመሬቱን አቀማመጥ፣ የአየሩን ጠባይ፣ የዕፅዋት ሽፋኑንና የሕዝቡን ኑሮ ያገናዘበ፣ በተፋሰስ ላይ የተመሠረተ መሪ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ እንዲወጣ ያዝዛል። ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይከለክላል። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው መሬት ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት በጠረጴዛማ እርከን ብቻ ነው። የተቦረቦረ መሬት እንዲያገግም፣ በረግረግ ያለው ብዝኃ ሕይወትም በተገቢው የአጠቃቀም ስልት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ክልሉ በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133ን፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252ን አውጥቶ ሕጉን አሻሽሏል። በፌዴራል ደረጃም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የ1997ቱን ተክቷል።

ሕጉ በወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ነበር ለማለት ያስደፍራል። ችግሩ በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ዳገቱን አርሶ ልጆቹን ለሚያበላ ገበሬ አትረስ ማለት ቀላል ነው፤ በምትኩ ምን ይብላ የሚለውን መመለስ ግን ከባድ ነው። ከዳገቱ የሚለቀቀው ገበሬ የሚያጣውን፣ በሜዳው ያለው ገበሬ የሚያገኘውን የሚያመዛዝን አሠራር እስካልተበጀ ድረስ አንቀጹ በደብተር ላይ ይቀራል።

ከዘመቻ ወደ ልማድ

የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ የቀድሞውን ስሕተት ለማረም የታሰበ ነበር። ዕቅዱ በትንንሽ ተፋሰስ ደረጃ፣ በነዋሪው ተሳትፎ፣ ከዳገቱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች እየወረደ እንዲሠራ ያዛል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄደው የጣና በለስ የተቀናጀ የውኃ ሀብት ልማት ፕሮጀክትም የርብንና የጉማራን ላይኛ ክፍል አካቶ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አርሶ አደሩ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ያለ ክፍያ የሚሳተፍበት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በአገር አቀፍ ደረጃ ተካሄደ።

በዘመቻው ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ ያገገመ ዳገትና የመነጨ ምንጭ የታየባቸው ቦታዎች አሉ። ደካማ ጎኑም ታይቷል። በሪፖርት የተቆጠረው የእርከን ርዝመት ሁሉ በቀጣዩ ክረምት ቆሞ አልተገኘም። እርከኑን ያፈረሰው ብዙውን ጊዜ ዝናብ ሳይሆን ከመኸር በኋላ የሚለቀቀው ከብት ነው። ሥራው የጸናው ነዋሪው በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ልቅ ግጦሽን በከለከለበት፣ ከተከለለው ቦታ የሚታጨደውን ሣር በተካፈለበትና በእርከኑ ላይ የእንስሳት መኖ በተከለበት ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. ስለ ማኅበረሰብ ተፋሰስ ልማትና አጠቃቀም የወጣው የፌዴራል አዋጅ ለተፋሰስ ተጠቃሚዎች ሕጋዊ መሠረት የሰጠውም ከዚህ ልምድ በመነሣት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግርም አንድ ነገር አሳይቷል። ባለሙያ እንደልብ መንቀሳቀስ በማይችልበት ጊዜ የሚቀረው ሕዝቡ ራሱ የተስማማበት ደንብ ብቻ ነው።

በታችኛው ጫፍም አዲስ ፈተና መጥቷል። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ አረም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ከደንቢያ እስከ ፎገራ ያለውን አሣ አጥማጅና ከብት አርቢ አስጨነቀ። አረሙ የሚፋፋው ከየማሳው ታጥቦ በሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ነው። በእጅ የሚነቅለው ሕዝብ ድካሙ የሚያስመሰግን ቢሆንም ምግቡ ከላይ እየወረደለት አረሙ አያልቅም። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ መመዝገቡ፣ የጉና ተራራም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ መከለሉ ተፋሰሱን ከራሱ እስከ እግሩ እንደ አንድ አካል ለማየት መንገድ ከፍተዋል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

የኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ሕግ ከአዋጅ ቁጥር 241/1958 ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 138/1970፣ በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እና በአዋጅ ቁጥር 985/2009 እየተለዋወጠ መጥቷል። ማኅበራቱ በየዘመኑ የመንግሥት መሣሪያ፣ የግዴታ ማኅበር፣ ኋላም በአባላት ፈቃድ የሚቋቋሙ የንግድ ድርጅቶች ሆነዋል። ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒየን ደረጃ መደራጀታቸው ደግሞ ለተፋሰስ ሥራ ሌላ ተቋም የሌለው ዕድል ሰጥቷቸዋል። ወረዳ በወሰኑ ይታጠራል፤ ዩኒየን ግን የደጋውን ድንች አምራችና የሜዳውን ሩዝ አምራች በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሊያስቀምጥ ይችላል። በጉናና በፎገራ መካከል ያልነበረውን የውኃ አባት ቦታ ሊይዝ የሚችለው እንዲህ ያለው ጉባኤ ነው።

ይህም በተግባር ሊገለጽ ይችላል። ማኅበር የመኖ ዘርና የፍራፍሬ ችግኝ ለደጋ አባላቱ ሲያቀርብ፣ ከዳገቱ ለተነሣው ገበሬ የድንች ዘርና የንብ ቀፎ በብድር ሲሰጥ፣ ከትርፉ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመድበው ላይ ለላይኛው ተፋሰስ ድርሻ ሲያወጣ የሚያድነው የራሱን መጋዘን ነው። በሜዳውም አባላቱ የቀረውን ረግረግ ላለማረስ፣ ውኃ በተራ ለመሳብና የወንዝ ዳርን በዛፍና በሣር ለመሸፈን በደንባቸው ሊስማሙ ይችላሉ። ከላይ ያለውን ገበሬ እርከንህን ጠብቅ የሚል የሜዳ ሰው አስቀድሞ የራሱን ረግረግ ሊጠብቅ ይገባዋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ከጉና አናት እስከ ጣና ዳር ያለው ሸክም ለአንድ ቀበሌ ወይም ለአንድ ወረዳ አይቻልም። ያለፈው ታሪክ የሚያሳየው አዋጅ ብቻውን፣ ግድብ ብቻውን፣ ዘመቻም ብቻውን ሜዳውን እንዳላዳነው ነው። የላይኛውና የታችኛው ገበሬ በአንድ ዕቅድ ሲገናኙና ዕቅዱን የራሳቸው ሲያደርጉት ግን ከጉና የሚወርደው ውኃ ለቁሐር ሚካኤል ማሳ ሥጋት መሆኑ ቀርቶ እንደ ጥንቱ በረከት ሆኖ ይደርሳል።